ከቁልፍ ተካይነት ወደ ኮት ቆራጭነት

ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ነሽ» ይለኛል። ባለፈው ዓመት ሱቄን ለልጄ አስረክቤ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ፣ ሊጠይቀኝ የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ሻዩን ይጠጣና ይህንኑ ደግሞልኝ ይሄዳል። አንዷማ «ለአንቺ እግዜር ከላይ ነው የጣለልሽ» አለችኝ። እግዜርን አላማም፤ ጤናና ዕድሜ ሰጥቶኛል። ከላይ የወደቀልኝ ነገር ካለ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከሱቁ ጣሪያ የሚያፈሰው ውኃ ብቻ ነው። የቀረውን ያመጣሁት በእጄ፣ በወገቤና በዓይኔ ነው።

ሥራ የተውኩትም በዓይኔ ምክንያት ነው። ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተኝ ልጄ «እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ» አለችኝ። አኮረፍኳት። ጥቂት ቀን ዘግቻት ሰነበትኩና እውነቷን መሆኑ ሲገባኝ የሱቁን ቁልፍ ሰጠኋት። አሁን ጊዜ ስላለኝ፣ ያ ዕድል የሚሉት ነገር እንዴት እንደተሰፋ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች አንዲት የወንዶች ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ስትታመም ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እሷን ሳስታምም ቆይቼ ነበር። እሷ ሲሻላት እኔ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በስድስተኛ ክፍል ትምህርት ደግሞ ቢሮ የሚያስገባኝ አልነበረም። መርፌ መያዝ ግን እችል ነበር፤ በእሱ ተቀጠርኩ።

በዚያ ዘመን ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ማዕረግ ነበር። ከላይ ቆራጩ ነው። ጨርቁ ላይ በሳሙና ስባሪ የሚያሰምረውና መቀስ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በመኪና የሚሰፉት ይመጣሉ። ከታች እኛ ሴቶቹ ነን፤ ቁልፍ እንተክላለን፣ ጠርዝ በእጅ እንይዛለን፣ የካውያውን ከሰል እናራግባለን። ሴት የቀሚስ ቆራጭ ብትሆን ማንም አይገርመውም ነበር። የወንድ ኮት የሚቆርጥ ግን ወንድ ነው ይባላል። ለምን ቢባል መልስ ያለው ሰው አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ከገባሁበት ሰሞን ጀምሮ ዓይኔ ያረፈው ያ መቀስ ላይ ነበር። የወንድ ኮት ቆራጭ መሆን፣ ከዚያም የራሴን ደጃፍ መክፈት እፈልጋለሁ። ለሰው ብናገር ስለሚስቁብኝ ለራሴ ብቻ ያዝኩት።

የቤቱ ባለቤትና ቆራጭ ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው አራዳ ውስጥ ከአንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ የተማሩ፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ከተናገሩ ግን ሳቅ ይዘው ነው የሚመጡት።

ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ እንድሪስ ወዲያው ሜትር አያነሱም። መጀመሪያ ያስቀምጡታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰፈሩ ያወሩታል። ሰውየው ሲላላ ቀስ ብለው ይነሱና እያወሩት ይለኩታል። ነገሩ ስላልገባኝ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ለምንድነው ቶሎ የማይለኩት?»

«ሜትር ሲያይ ሰው ሁሉ ሆዱን ያስገባል፤ ደረቱን ይነፋል። ያን ጊዜ ከለካሽው ልብሱን የምትሰፊው ለሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ምሳ የበላ ቀን ቁልፉ ዘሎ ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንኛውንም ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ይዘውት ደጅ ይወጣሉ። በፀሐይ ብርሃን ያዩታል፤ በእጃቸው ጀርባ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይዳብሱታል፤ ከዚያ ተመልሰው ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉታል። ከሰው ጋር ተጣልተው ያደሩ ቀን ደግሞ መቀስ አያነሱም። «እጄ ገና አልታረቀም» ይሉና ቁጭ ብለው የእኛን ጠርዝ ሲያቃኑ ይውላሉ።

እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ሰዉ ሲወጣ እቀርና አሮጌ ጋዜጣ እየቆረጥኩ ኮት እለማመድ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሳላስበው ተመልሰው መጡና ከጠረጴዛው ሥር የወረቀት እጅጌ አነሱ።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

አገላብጠው አዩት። ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

«ብብቱ ጠቧል» አሉኝ። «ይሄን የለበሰ ሰው እጁን አንስቶ ታክሲ ማስቆም አይችልም፤ በእግሩ ነው ቤቱ የሚገባው። ነገ ሌላ ቆርጠሽ አሳዪኝ።» ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋዜጣውን ስትመርጪ ግን የመሪው ፎቶ ያለበትን ገጽ ተዪው። አንገቱ ላይ መቀስ ስታሳልፊ ያየሽ ሰው ካለ፣ ቀጥሎ የሚለካው የእኛ አንገት ነው።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በየቀኑ አንድ የወረቀት እጅጌ፣ አንድ የወረቀት ኮሌታ። በየቀኑም አንድ ጉድለት ያወጡብኛል። ሲቆይ ወረቀቱ ጨርቅ ሆነ፤ የገበር ጨርቅ፣ ቀጥሎ ሱሪ። በመጨረሻም ኮት እሳቸው አጠገቤ ቆመው እያዩ አስቆረጡኝ። ወንዶቹ ሰፊዎች አጉረመረሙ፣ እኔ ደግሞ ልቤ አበጠ።

ያበጠ ልብ ብዙ አይቆይም። ጋሽ እንድሪስ ለለቅሶ ወሎ የሄዱ ጊዜ ከጊዮርጊስ አጥቢያ የመጡ አንዲት እናት ለልጃቸው የሙሽራ ካባ አዘዙ። ጨርቁ ከፋይ ነው። ከፋይ ስትዳብሱት ጸጉር አለው፤ ጸጉሩ ወደ ታች ከተኛ ቀለሙ ይፈካል፣ ወደ ላይ ከሆነ ይጨልማል። ያን ከፋይ ዘመድ ከውጭ አገር የላከላቸው ነው፤ በዚያ ዘመን ፒያሳን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ ቅዳጁ አይገኝም። ጋሽ እንድሪስ «እስክመጣ ቆዪ» ብለውኝ ነበር። ሠርጉ ቀረበ፣ ሴትየዋም ይመላለሱ ጀመር። እኔም አላስችል አለኝና ቆረጥኩት።

ጨርቁ ጠበብ ስላለብኝ አንዱን ጎን ገለበጥኩና ራሱን በእግሩ በኩል አድርጌ ከሌላው ጋር አገጣጠምኩት። በተራ ሱፍ ቢሆን ጥሩ ብልሃት ነው። ተረፈኝ ብዬ ደስ እያለኝ ሰፋሁት፤ ጥልፉን አስጠለፍኩት። መብራቱ ደብዛዛ በሆነው ክፍላችን ውስጥ አምሮ ታየኝ። ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ ካባውን አንስተው እንደ ልማዳቸው ደጅ ወጡ። ተከተልኳቸው። ፀሐይ ላይ ሲዘረጉት የቀኙ ወገን ወይን ጠጅ፣ የግራው ጥቁር ሆነ። ከሁለት ሰው ካባ ተቀዶ የተሰፋ ይመስላል።

«ለምን ገለበጥሽው?»

«ጨርቅ ላተርፍ ብዬ ነው።»

«ከፋይ መሆኑን አላወቅሽም?»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ?»

የእሳቸውን እጅ እያየሁ ስከተል ኖሬያለሁ፤ ለምን እንዲያ እንደሚያደርጉ ግን አንድም ቀን በራሴ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን አነሱ። «ቤቱ የእኔ ነው፤ ሄጄ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እኔ ልሂድ።»

ሄድኩ። ካባውን ታቅፌ ከፒያሳ ጊዮርጊስ ድረስ ያለው መንገድ አላልቅ አለኝ። ለእናትየዋ በደጃቸው ብርሃን ዘርግቼ አሳየኋቸውና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ጨርቁም ሆነ ጋሽ እንድሪስ እንደሌሉበት ነገርኳቸው። «እሑድ እኮ ነው የሚዳረው!» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር። ልጃቸው የተዳረው ጉልበቱ ላይ በሚቀር የውሰት ካባ ነው። ያ ቤተሰብ ከዚያ ወዲያ የእኛን ደጃፍ አልረገጠም። አንዳንድ ነገር ተበላሽቶ ይቀራል፤ ይኼ ቀረ።

ወደ ቁልፍ መትከሉ ተመለስኩ። የመለሰኝ ሰው የለም፤ ራሴው ነኝ መቀሱን ያስቀመጥኩት። ጋሽ እንድሪስ «አብሽሪ፣ ያላበላሸ ቆራጭ የለም» ቢሉኝም እንቢ አልኩ። ይልቅ ማታ ማታ ትምህርት ልቀጥል ብዬ ተመዘገብኩ። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ከጎረምሶች ጋር ስቀመጥ እንዴት እንዳፈርኩ! ከሥራ እወጣለሁ፣ በሩጫ ክፍል እገባለሁ፣ ሰዓት እላፊው ሳይዘኝ ደግሞ በሩጫ ቤቴ እደርሳለሁ። ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ቀዝቃዛ ሽሮ ነው። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ዘመን ነቅቼ አላውቅም።

የሒሳብ መምህራችን ወጣት ሰው ነበር። አንድ ማታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሠራና ከፋፈለው፤ የክቡን ዙሪያ ከመሐሉ ርቀት ተነስቶ እንዴት እንደሚሰላ አሳየን። እኔ የታየኝ ብብት ነው። ጋሽ እንድሪስ በዓይናቸው ገምተው በሳሙና የሚያጎብጡት መስመር ሕግ አለው ማለት ነው። ሕግ ካለው ደግሞ ለአንዱ የሠራሁትን ለሌላው አስፍቼም አጥብቤም መሥራት እችላለሁ። ክፍል ሲያልቅ መምህሩን ይዤ ስለ እጅጌ ጠየቅኩት። «እትዬ፣ እኔ ኮት ሰፍቼ አላውቅም» አለኝና ሳቀ፤ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ስለ ሰው ትከሻ እነግረዋለሁ፣ እሱ ስለ ማዕዘን ይነግረኛል። በወሩ ከካርቶን የተቆረጡ የኮትና የሱሪ ሞዴሎች በየልካቸው ሠርቼ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው።

ለጋሽ እንድሪስ ወስጄ ሳሳያቸው ሞዴሎቹን በእጃቸው ጀርባ ዳበሷቸው። «እነዚህ ትንፋሽ የላቸውም» አሉ። ቀጥለውም «ግን አይዋሹም» አሉ። ከዚያ የእሳቸውን ዓይንና የእኔን ካርቶን እያስታረቅን መሥራት ጀመርን። ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ሲመጣ ሞዴሉን የሚያርሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ እርማቱን በሒሳብ አስልቼ የማስቀረው እኔ።

በዚያው ሰሞን በአካባቢያችን ያሉ ልብስ ሰፊዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ ተባልንና ጋሽ እንድሪስም መኪኖቻቸውን ይዘው ገቡ። እኛም አብረን ገባን። ሊቀመንበራችን ጓድ አሰፋ ስለ ስፌት ምንም እንደማያውቅ ራሱ የሚናገር፣ ስብሰባ ግን የሚወድ ሰው ነበር። ከቆራጮቹ ዋናው ታደሰ የሚባል አራዳ ነው፤ ምላሱ ከመቀሱ ይበልጥ የተሳለ። የእኔን ካርቶኖች ሲያይ የሺመቤት በሚለው ስሜ ላይ ጨምሮ «የሺመቤት ወረቀቷ» ብሎ ስም አወጣልኝ። ማኅበሩ ውስጥ ስገባ ሥራዬ እንደገና ቁልፍ መትከል ሆነ፤ ቆራጭ ተብለው የተመዘገቡት ወንዶች ብቻ ነበሩና።

አንድ ቀን ለቀበሌው የኪነት ቡድን የደንብ ልብስ እንድንሰፋ ታዘዝን። ለአብዮት በዓል ነው። ጨርቁ በኮታ የመጣ ካኪ ነው፤ ሌላ የለም። ጓድ አሰፋ ስብሰባ ጠራና ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ታደሰ ዘርግቶ ለካው፣ ደግሞ ለካው።

«አይበቃም» አለ። «ለግማሹ ኮት፣ ለግማሹ ሱሪ ይወጣል። ግማሾቹ ያለ ሱሪ ይዝፈኑ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጓድ አሰፋ ግን አልሳቀም። ልብሱ ካልደረሰ እሱ ነው የሚጠየቀው።

እኔ ከሴቶቹ ወንበር ተነሳሁ። ጨርቁን ጫፉን ይዤ ወደ በሩ ወጣሁና ብርሃን ላይ አየሁት፤ በእጄ ጀርባ ወደ ላይም ወደ ታችም ዳበስኩት። ጸጉር የለውም። ቢገለበጥም ቀለሙ ያው ነው። ተመለስኩ።

«ይበቃል» አልኩ።

«ጉድለቱን በወረቀት ነው የምትሞዪው?» አለ ታደሰ።

«በወረቀት ነው የማስቀምጠው። ከትልቁ ልጅ ሱሪ ጎን የሚተርፈው ክፍተት ለትንሹ ልጅ እጅጌ ይሆናል። እናንተ አንድ በአንድ ስለምትቆርጡ ክፍተቱ ይጣላል።»

ጓድ አሰፋ መነጽሩን አወለቀ። «ጓዲት የሺመቤት፣ ይሄ የሕዝብ ንብረት ነው። ቢበላሽ አሻጥር የሚባል ነገር አለ፤ ታውቂያለሽ። ተጠያቂው ማን ነው?»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ቀልድ አልነበረም። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ቤቱ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ብድግ አሉ።

«እኔ ልጠየቅ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይቀመጡልኝ» አልኩ። «የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ከበቃ ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ በቆራጭነት ልመዝገብ።»

ጓድ አሰፋ ዙሪያውን አየ። የተሻለ ሐሳብ ያለው አልነበረም። «ይሁን» አለ።

እሑድ ቀን የቀበሌውን አዳራሽ አስከፍቼ ወለሉን አስጠረግኩና ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁት። ልጆቹን አንድ በአንድ አስቀምጬ እያወራሁ ለካኋቸው፤ ካርቶኖቼንም በየልካቸው ደረደርኩ። አንዱን አነሳለሁ፣ አሽከረክራለሁ፣ ሌላው ሥር እሸጉጣለሁ። ኮሌታ በሁለት ሱሪ መሐል ገባ፤ ኪስ በብብት ጉብጠት ውስጥ ተቀመጠ። ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ወንበር አድርገው ተቀምጠዋል። የመጨረሻዋን ካርቶን ሳስቀምጥ ከጨርቁ ጫፍ ገና ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር። ሳሙናዬን አንስቼ አሰመርኩ። ከዚያ መቀሱን አነሳሁ፤ ወገቤ እስኪቆረጥ ቆረጥኩ። የተረፈው ለሁሉም ኮፍያ ሆነላቸው!

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጥግ ቆሜ አየኋቸው። ልጆቹ እየዘፈኑ እጃቸውን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲያነሱ ዓይኔ ብብታቸው ላይ ነበር። አንድም ብብት አልተተረተረም፤ አንድም ኮት ወደ ላይ አልተሰበሰበም። ሰዉ የሚያጨበጭበው ለዘፈኑ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ጭብጨባ ለራሴ ወሰድኩት። ማን ይከለክለኛል?

በሳምንቱ በቆራጭነት ተመዘገብኩ። ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ፤ ስለ እሱ ብዙ የሚወራ የለውም። ደስ ያሰኘኝ ታደሰ ነው። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ መጣና ካርቶኖቹን እያየ «ለቦርጫም ሰው የሚሆን አለሽ?» አለኝ። ሰጠሁት። «የሺመቤት ወረቀቷ» የሚለው ስም አልቀረም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሲጠራኝ ምክር ሊጠይቀኝ ነበር።

በመሐሉ ባል ባገባም ትምህርቴን አልተውኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ማትሪክ ስፈተን ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሆዴ ከዴስኩ ጋር እየተጋጨብኝ በጎን ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። አሁን ሱቁን የያዘችው ልጄ ከእኔ ጋር ማትሪክ ተፈትናለች ማለት ይቻላል። አለፍኩ። ውጤቴን ያ የሒሳብ መምህር ሲሰማ ከእኔ ይበልጥ ጮኸ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በግል ሥራ ላይ የነበረው ቁጥጥር ትንሽ ሲላላ ማኅበሩን ለቅቄ ፈቃድ ጠየቅኩ። ብዙ ተመላለስኩ፤ የተመላለስኩበትን ቢሮ ሁሉ ብነግራችሁ ትተኛላችሁ። በመጨረሻ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወጡ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘሁ። የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ መኪና፣ አንድ መስታወት። የታፔላ ጸሐፊው «በባልሽ ስም ላድርገው?» ሲለኝ «ባሌ ቁልፍ መትከል አይችልም» አልኩትና የራሴን ስም አስጻፍኩ፤ ከሥሩም «የወንዶች ሙሉ ልብስ» የሚል።

በተከፈተበት ጠዋት ጋሽ እንድሪስ መጡ። አርጅተው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ምርቃታቸውን ሰጥተውኝ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ድረስ የሚገባ ሰው አልነበረም። አላፊ አግዳሚው ታፔላውን ያነብባል፣ ወደ ውስጥ ያጮልቃል፣ እኔን ያየኝና ይሄዳል። ጠረጴዛውን ደጋግሜ ወለወልኩ።

በኋላ አንድ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ግራጫ ሱፍ በብብታቸው ይዘው ገቡ። እኔን አለፉኝና ለጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታው? ሴት ልጄን ልድር ስለሆነ ለራሴ ሙሉ ልብስ እንዲቆርጡልኝ ነበር።»

ጋሽ እንድሪስ ከወንበራቸው አልተነሱም። «እንኳን ደስ ያለዎ። እኔ እዚህ የመጣሁት ለወሬ ነው። ቆራጯ እሷ ናት።»

ሰውየው አዩኝ፤ ጨርቁን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ወደ ጋሽ እንድሪስ ተመለሱ። «እርስዎም የሙያው ሰው ይመስሉኛል። ቢቆርጡልኝ ምን አለበት?»

«ስቆርጥ ነው የኖርኩት» አሉ ጋሽ እንድሪስ። «ግን እንደ እሷ አልቆርጥም። ለልጅዎ ሠርግ ከሆነ ለእሷ ይስጧት።»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። አሁንም ወደ እኔ አላዩም፤ መንገዱን ነው የሚያዩት። ዓይኔ በእንባ ስለተሞላ ሜትሩን ፍለጋ መሳቢያ የምከፍት መስዬ ጥቂት ቆየሁ። ቀና ስል ሰውየው ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውታል።

«ይቀመጡ፣ ጌታው» አልኳቸው። «ልጅዎ ማንን ነው የምታገባው?»